አውጉስት ዲልማን፦ የግእዝ ብራናዎችን ቅጂ ከቅጂ ያመሳከረ ሊቅ

አንድ ሰነድ ከአንድ በላይ በሆኑ ቅጂዎች ሲገኝ ተመራማሪው አስቀድሞ የሚያደርገው ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን መልቀም ነው። ይህ የሥራው ቀላል ክፍል ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ሁለት ሰነዶችን በቅጽበት አስተያይቶ የተለወጠውን ቃል ሁሉ በቀለም ለይቶ ያሳያል። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ከተለያዩት ቃላት የትኛው ቀዳሚ፣ የትኛው ተከታይ ነው? የትኛው የጸሐፊ ስሕተት፣ የትኛው የአራሚ እጅ ነው? አራት ቅጂዎች ተስማምተው አንዱ ብቻ ቢለይ አራቱን ማመን ይገባልን? ይህ አጭር ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በግእዝ ብራናዎች ላይ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ሲጠይቅ የኖረውን የጀርመናዊውን ሊቅ የአውጉስት ዲልማንን ሕይወት ይተርካል። ዓላማው የሊቁን ድርሰቶች መዘርዘር ሳይሆን የሠራበትን መንገድና ሥራው የቆመበትን ወሰን መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተሰጥተዋል።

ክርስቲያን ፍሪድሪኽ አውጉስት ዲልማን ኤፕሪል 25 ቀን 1823 በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት፣ ኢሊንገን በተባለች ስፍራ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከፍተኛ ትምህርቱን በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተከታተለ። በዚያ ዘመን ቱቢንገን የነገረ መለኮት ክርክር የሚፋፋምባት ከተማ ነበረች፤ የክርክሩም መሪ ፈርዲናንድ ክርስቲያን ባውር የጥንታዊቱን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ በሚጋጩ ወገኖች ትግል የሚተረጉም ብርቱ መምህር ነበር። ዲልማን ከባውር ዘንድ ቢማርም ወደ ባውር ወገን አልገባም። የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ሌላው መምህሩ፣ የዕብራይስጥና የዓረብኛ ሰዋስው ሊቅ የነበረው ሃይንሪኽ ኤቫልት ነው። ኤቫልት ወደ ቱቢንገን የመጣው ወዶ አልነበረም። የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን በሻረ ጊዜ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ካቀረቡት ሰባት የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ መምህራን አንዱ ስለ ነበረ በ1837 ከሥራው ተሰናበተ፤ በማግሥቱ ዓመት ቱቢንገን ተቀበለችው። የግእዝ ጥናት በአውሮፓ ዳግም የተነሣበትን ምክንያት የሚመረምር ሰው ይህን የአንድ ንጉሥ ቍጣ ከቍጥር ሳያስገባ ማለፍ አይገባውም።

ዲልማን ትምህርቱን ጨርሶ በትውልድ ስፍራው አቅራቢያ በዘርስሃይም ለጥቂት ጊዜ በእረኝነት አገለገለ። ብዙ ሳይቆይ ግን ጥናቱ ሙሉ ጊዜውን እንደሚጠይቅ ተረድቶ አገልግሎቱን ተወ።

የግእዝ ትምህርት በዚያን ጊዜ በአውሮፓ የነበረበት ሁኔታ እጅግ የሳሳ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ኢዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው መነኩሴ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ ቋንቋውንና የአገሩን ታሪክ ተምሮ ነበር፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም አሳትሞ ነበር። ሉዶልፍ በ1704 ካረፈ በኋላ ግን አንድ መቶ ዓመት ከዚያም በላይ የእርሱን ያህል የደከመ አልተገኘም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ከኢትዮጵያ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ ገባ። ይህ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ተጠብቆ ሲነበብ የኖረ፣ በአውሮፓ ግን ከቍርጥራጭ ጥቅሶች በቀር የጠፋ ነበር። ሆኖም ከብሩስ ቅጂዎች አንዱ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ እስኪወጣ ድረስ እስከ 1821 መጠበቅ አስፈለገ። ተርጓሚው ሪቻርድ ሎረንስ የግእዙን ንባብ ራሱን በ1838 ያሳተመው በኦክስፎርድ ከነበረው ከአንድ ብራና ነው። አንድ ብራና የያዘ አሳታሚ የሚያመሳክረው ነገር የለውም፤ ጸሐፊው የሳተውን ሁሉ አብሮ ይስታል።

ዲልማን በ1846 ከቱቢንገን ተነሥቶ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ለንደንና ወደ ኦክስፎርድ ሄደ፤ በየቤተ መጻሕፍቱም የግእዝ ብራናዎችን ሲያነብና ሲገለብጥ እስከ 1848 ቆየ። የዚህ ጉዞ የመጀመሪያ ፍሬዎች ሁለት ካታሎጎች ናቸው። የብሪቲሽ ሙዚየም የግእዝ ብራናዎች ዝርዝር በ1847፣ የኦክስፎርዱ የቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ደግሞ በ1848 ወጣ። ደራሲያቸው የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበር። በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ካታሎግ ማዘጋጀት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ምርምር በፊት የሚሠራ የጉልበት ሥራ ተደርጎ ይታያል። ካታሎግ የሚያዘጋጅ ሰው እያንዳንዱን ብራና ለብቻው ሊያውቀው ይገደዳል። የጽሕፈቱን ቅርጽ፣ የዓምዱን ብዛት፣ የተፋቀውንና የተደለዘውን፣ በኅዳግ የተጨመረውን፣ በመጨረሻው ቅጠል የተጠቀሰውን የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም መመዝገብ አለበት። ከእነዚህ ምልክቶች የብራናው ዕድሜና የመጣበት ስፍራ ይገመታል። ንባብን ከንባብ ከማነጻጸር በፊት ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይቀድማል፤ የዲልማን የኋላ ሥራዎች ጥንካሬ ከእነዚህ ሁለት ዓመታት የመነጨ ይመስለኛል።

ወደ ቱቢንገን ከተመለሰ በኋላ በ1851 መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ አሳተመ። የመጽሐፉ የላቲን ርእስ ራሱ አሠራሩን ይናገራል፤ ንባቡ በአምስት ብራናዎች ምስክርነት እንደ ተዘጋጀና የንባብ ልዩነቶቹ አብረው እንደ ታተሙ ይገልጻል። እያንዳንዱ ብራና በአንድ የላቲን ፊደል ተሰየመ፤ አሳታሚው ከመረጠው ንባብ የሚለየው ቃል ከነምስክሩ ተመዘገበ። ከአንድ ዓመት በፊት በ1850 ካርል ላኽማን የሮማዊውን ባለቅኔ የሉክሬቲዩስን መጽሐፍ በዚሁ መንፈስ አሳትሞ ስለ ነበር፣ ቅጂዎችን በዝምድናቸው መለየት በጀርመን የላቲንና የግሪክ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ጥበብ ሆኖ ነበር። ይህን ጥበብ ወደ ግእዝ ማምጣት ግን ማስተላለፍ ብቻ አይደለም። የግእዝ ብራና የራሱ ጠባይ አለው።

ከዚህ ጠባይ አንዱ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንባብ አንድ ድምፅ ከሆኑ ብዙ ዘመን ስላለፈ ቁም ጸሐፊዎች አንዱን በሌላው ስፍራ ይጽፋሉ። ይህን ሁሉ እንደ ልዩነት የሚቈጥር ሰው በአንድ ገጽ መቶ ልዩነት ሊያገኝ ይችላል፤ ከመቶው ግን ስለ ቅጂዎቹ ዝምድና የሚናገረው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ሁሉንም የሚንቅ ደግሞ ሠዐለ እና ሰአለ የተለያየ ትርጉም እንዳላቸው ይዘነጋል። ሌላው የጸሐፊ ዓይን መዝለል ነው። አንድ ቃል በጥቂት መስመሮች ርቀት ሁለት ጊዜ ሲመጣ የጸሐፊው ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘልና በመካከሉ ያለው ይቀራል። እንዲህ ያለው ጕድለት በሁለት ቅጂዎች በአንድ ስፍራ ከተገኘ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን ያስጠረጥራል፤ በተናጠል ሊደርስ የሚችል ስሕተት ስለ ሆነ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛው በኅዳግ የተጻፈ ማብራሪያ በሚቀጥለው ግልባጭ ወደ ውስጥ ገብቶ የመጽሐፉ ቃል መስሎ መቀመጡ ነው። አመሳካሪው ልዩነትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ቢመዝን ከእነዚህ አንዱንም አይለይም።

ዲልማን አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ መሥራት ምን እንደሚያስከፍል ያየው በመጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ከቱቢንገን አጠገብ የተወለደው ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያ ተቀምጦ ነበር፤ ካስገለበጣቸው መጻሕፍት የኩፋሌ ቅጂ በቱቢንገን ተገኘ። ዲልማን ከዚህ አንድ ቅጂ የጀርመንኛ ትርጉም አዘጋጅቶ በ1850 እና በ1851 አወጣ። ቅጂው የቅርብ ጊዜ ግልባጭና ብዙ ስሕተት ያለበት ስለ ነበር ተርጓሚው በየስፍራው በግምት መሄድ ነበረበት። የግእዙን ንባብ ግን ወዲያው አላሳተመም። የፈረንሳይ ተጓዥ ከነበረው ከአንቷን ዳባዲ ስብስብ ሁለተኛ ብራና እስኪያገኝ ቆይቶ መጽሐፉን በ1859 አሳተመ። ትርጉምን በአንድ ምስክር ማውጣትና ንባብን በአንድ ምስክር ማጽናት ለእርሱ እኩል እንዳልነበሩ ከዚህ እንረዳለን። የመጀመሪያው አንባቢን ከመጽሐፉ ጋር ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው ግን ለሚመጡት ተመራማሪዎች ሁሉ መሠረት ሆኖ ይቆማል። ስምንት ዓመት መጠበቁ በዘመኑ ለነበረ ወጣት መምህር ቀላል አልነበረም፤ በዚሁ ጊዜ በ1853 በቱቢንገን ተጨማሪ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፣ በ1854 ወደ ኪል ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፣ የሹመትም መንገድ በታተመ ሥራ የሚለካ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚሰፋው ዕቅዱ የግእዙን ብሉይ ኪዳን በሙሉ በአምስት ቅጽ ማሳተም ነበር። የመጀመሪያው ቅጽ ስምንቱን ብሔረ ኦሪት ይዞ ከ1853 እስከ 1855 ወጣ። በዚህ ሥራ ዲልማን ልዩነቶችን ከመመዝገብ አልፎ የንባቡን ታሪክ ለመተረክ ሞከረ። በእርሱ አስተያየት የግእዙ ኦሪት ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በቀጥታ የተመለሰው ጥንታዊ ንባብ ነው፤ ሁለተኛው በኢትዮጵያ ውስጥ በጊዜ ብዛት የታረመውና የተስፋፋው የጋራ ንባብ ነው፤ ሦስተኛው በኋላ ዘመን ወደ ዕብራይስጡ ተጠግቶ የተስተካከለው ነው። ይህ ክፍፍል በዝርዝሩ ብዙ ተተችቷል፤ መሠረታዊ ሐሳቡ ግን እስከ ዛሬ የግእዝ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚነጋገርበት ነው። ትርፉ ይህ ነው፦ ሁለት ቅጂዎች ሲለያዩ አንዱ ተሳስቷል ማለት ብቻ እንዳልሆነ አሳየ። አንዱ ቅጂ ሆን ተብሎ፣ በሌላ ቋንቋ ምስክር፣ በዕውቀት የታረመ ሊሆን ይችላል። የታረመ ንባብ ለስላሳና ለመረዳት የቀለለ ስለሚሆን የማያውቅ አመሳካሪ የሚመርጠው እርሱን ነው።

በዚሁ ሥራ ላይ የቀረበበት ነቀፋም አለ። አሜሪካዊው ኦስካር ቦይድ በ1909 እና በ1911 የኦሪትን ክፍሎች በፓሪስ በሚገኝ ከዲልማን ምስክሮች በሚቀድም ብራና ላይ ተመሥርቶ እንደ ገና አሳተመ። ዲልማን በፓሪስ ብራናዎች መካከል ተቀምጦ የነበረ ሰው ስለ ሆነ ይህ ነገር ያስገርማል። በቅርብ ያለውን ብራና በሩቅ ካለው አብልጦ መጠቀም ግን በዘመኑ የጉዞ ገንዘብና የብድር ሥርዓት የሚወሰን ነገር ነበር፤ የዛሬ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ይህን ችግር ያውቀዋል።

ዲልማን በ1857 የግእዝን ሰዋስው፣ በ1865 በላይፕሲግ ታላቁን የግእዝና የላቲን መዝገበ ቃላት፣ በ1866 የንባብ መድበሉን አወጣ። መዝገበ ቃላቱ ቃሉን ከነመገኛ ስፍራው ይጠቅሳል፤ ለአመሳካሪ ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው። አንድ እንግዳ ቃል በአንድ ብራና ሲገኝ ስሕተት ይሁን ወይም ብርቅ ቃል ለመወሰን ቃሉ በሌላ መጽሐፍ መገኘት አለመገኘቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ክብ ነገር እንዳለ ግን መካድ አይቻልም። መዝገበ ቃላቱ የተሠራው ከብራናዎቹ ነው፤ ብራናዎቹም የተመዘኑት በመዝገበ ቃላቱ ነው። ከክቡ የሚያወጣው አዲስ ምስክር ብቻ ነው። የላቲን ቋንቋ ባለመማራችን ምክንያት ይህ መጽሐፍ ለብዙዎቻችን የተቈለፈ ሆኖ መቅረቱንም እግረ መንገዴን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ስለ አገራችን ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ መጽሐፍ የሚከፈተው በሁለተኛ የሞተ ቋንቋ ነው።

የአገር ቤቱ ሊቃውንት በበኩላቸው የቅጂ ልዩነትን አያውቁም ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ከያዘው ንባብ የተለየ ሌላ ንባብ ሲያጋጥም አብነት በሚል ስም ይጠቀስና እርሱም ይተረጐማል። ልዩነቱ በዓላማው ነው። የአንድምታው መምህር ሁለቱም ንባቦች የሚሰጡትን ትርጉም ለተማሪው ማውረስ ይፈልጋል፤ ዲልማን አንዱን መርጦ ከላይ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ወደ ልዩነቶች ዝርዝር ያወርዳል። ሁለቱ መንገዶች ቢገናኙ ኖሮ ምን ይወጣ እንደ ነበር መገመት የሚያጓጓ ነው። ሉዶልፍ ቢያንስ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ነበረው፤ ዲልማን ኢትዮጵያን ሳያይ ነው የኖረው።

በ1864 ወደ ጊሰን፣ በ1869 ወደ በርሊን ተዛወረ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የብሉይ ኪዳን መምህር ሆኖ ቆየ። የበርሊኑ ዘመን በሥራ የተጨናነቀ ነበር። የኦሪት ዘፍጥረትና የሌሎች መጻሕፍት ማብራሪያ፣ የበርሊን የግእዝ ብራናዎች ካታሎግ፣ የዕርገተ ኢሳይያስ ኅትመት፣ ስለ አክሱም መንግሥት መጀመሪያ፣ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አገዛዝና ስለ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ጦርነቶች ለአካዳሚው የቀረቡ ጥናቶች ሁሉ የዚህ ዘመን ናቸው። በ1881 በበርሊን የተደረገውን ዓለም አቀፍ የምሥራቃውያን ጥናት ጉባኤም በሊቀመንበርነት መራ።

እርሱ ወደ በርሊን ከመሄዱ ከአንድ ዓመት በፊት ግን የግእዝ ምስክሮችን ሚዛን የለወጠ ነገር ሆኖ ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት በመቶዎች የሚቈጠሩት ተዘርፈው ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ ዊልያም ራይትም በ1877 ካታሎጋቸውን አወጣ። ዲልማን ከ30 ዓመት በፊት የዘረዘረው የብሪቲሽ ሙዚየም ስብስብ በብዙ እጥፍ አድጎ ነበር። ከመጡት መካከል እርሱ ለሄኖክ ከተጠቀመባቸው የሚበልጥ ዕድሜና የተለየ ንባብ ያለው ብራና ይገኝ ነበር። ለአውሮፓ ሊቃውንት ይህ አዲስ ምስክር ነበር፤ ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ደግሞ የምስክሮቻቸው ከእጃቸው መውጣት ነበር። የማመሳከር ሥራ ቅጂዎቹ ባሉበት ስለሚሠራ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የግእዝ መጻሕፍት ንባብ በሚወሰንበት ሥራ ላይ የአገሩ ሰው ብዙውን ጊዜ ተመልካች ሆኖ ቀርቷል።

አዲሱ ምስክር የለወጠውን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሄኖክ ምዕራፍ 62 ቍጥር 5 ነገሥታትና ኃያላን በክብር ዙፋን የተቀመጠውን እንደሚያዩ ይነገራል። ዲልማን ባሳተመው ንባብ ይህ የተቀመጠው ወልደ ብእሲት ተብሏል፤ ከጥንታውያኑ ቅጂዎች የተገኘው ንባብ ወልደ ብእሲ ነው። ልዩነቱ አንዲት ት ናት። ነገር ግን በእርስዋ ላይ ትልቅ ክርክር ቆሞ ነበር። የሴት ልጅ የሚለው አጠራር የክርስቶስን ከድንግል መወለድ የሚያስታውስ ስለ ሆነ፣ ይህ የመጽሐፉ ክፍል በክርስቲያን እጅ የተጻፈ ወይም የተነካ ነው ለሚሉት ድጋፍ ይሰጣል። ወልደ ብእሲ የሚለው ግን በዚያው ክፍል ከሚገኙት ተመሳሳይ አጠራሮች ጋር የሚስማማ ነው። በኋላ የመጡት አሳታሚዎች ት የተጨመረችው በኢትዮጵያ ጸሐፊዎች እጅ፣ ከሚያምኑት ነገር የተነሣ እንደ ሆነ ፈረዱ። ዲልማን በእጁ በነበሩት ቅጂዎች ላይ ያደረገው ምርጫ ያለ ምክንያት አልነበረም። አብዛኞቹ ከአንድ ዘግየት ካለ የንባብ ወገን የወጡ ስለ ነበሩ የምስክሮቹ ቍጥር አምስት ቢሆንም የነጻ ምስክሮቹ ቍጥር ከዚያ ያነሰ ነበር።

ከዚህ የሚከፋም አለ። በምዕራፍ 60 መጀመሪያ ላይ ራእዩ በሄኖክ ሕይወት በ500ኛው ዓመት እንደ ታየ ይነበባል። በኦሪት ዘፍጥረት ግን የሄኖክ ዕድሜ 365 ዓመት ነው፤ 500 ዓመት የተነገረው ለኖኅ ነው። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች በዚህ ስፍራ ስሙ ኖኅ ሊሆን ይገባዋል ይላሉ። የግእዙን ቅጂዎች እርስ በርሳቸው በማስተያየት ብቻ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉ በአንድ ቃል የተስማሙበት ስፍራ ጸጥ ያለ ስፍራ ነው፣ ልዩነት ፈላጊም አይቆምበትም። ጥርጣሬው የመጣው ከሌላ መጽሐፍ ነው።

ከግእዙ ውጭ ያለ ምስክር ለዲልማን የደረሰው በስተርጅናው ነው። በ1886 እና በ1887 መካከል በነበረው ክረምት በላይኛው ግብፅ በአኽሚም ከአንድ መቃብር በግሪክ የተጻፈ ብራና ወጣ፤ የመጽሐፈ ሄኖክን የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች ይዟል። በ1892 በፈረንሳውያን ሊቃውንት ሲታተም ዲልማን የ69 ዓመት ሰው ነበር። የግእዙን ንባብ ካሳተመ 41 ዓመት ሆኖታል፤ ሁለተኛ ኅትመት አላዘጋጀም፤ መጽሐፉ በዓለም ሁሉ የሚጠቀስበት መሠረት ሆኗል። በዚያው ዓመት አዲሱን ግሪክ ከግእዙ ጋር እያስተያየ የመረመረበትን ጥናት በሁለት ክፍል ለበርሊን አካዳሚ አቀረበ። የራሱን የወጣትነት ሥራ ለአዲስ ምስክር አሳልፎ መስጠት የተለመደ ነገር አይደለም። የሁለቱ ንባቦች መነጻጸር የሚያሳየውም አንዱ ሁልጊዜ ትክክል፣ ሌላው ሁልጊዜ ስሑት አለመሆኑን ነው፤ ግእዙ በብዙ ስፍራ ጥንታዊውን ጠብቋል፣ በሌላው ስፍራ ግሪኩ የግእዙን ተርጓሚ ወይም ጸሐፊ ስሕተት ይገልጣል። አኽሚም ግን ወደ ምዕራፍ 60 አይደርስም። ከዲልማን ሞት በኋላ በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ የተገኙት የአረማይስጥ ቍርጥራጮችም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለውን ክፍል አልያዙም። ስለዚህ ለዚያ ክፍል፣ ስለ ወልደ ብእሲም ሆነ ስለ 500ኛው ዓመት፣ መሠረቱ ዛሬም የግእዙ ምስክርነት ነው።

በ1893 አየርላንዳዊው ሮበርት ቻርልስ የሄኖክን አዲስ ትርጉም ሲያወጣ በርእሱ ላይ ትርጉሙ ከፕሮፌሰር ዲልማን የግእዝ ንባብ የተመለሰ፣ ከዚያ በፊት ባልተመሳከሩ ብራናዎችና በአዲሱ ግሪክ የታረመ መሆኑን ገለጸ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ብራናዎች ያገኛቸውን ንባቦች እያቀረበ የዲልማንን ምርጫ በብዙ ስፍራ ጣለ። ይህን ማድረግ የቻለው ዲልማን እያንዳንዱ ንባብ ከየትኛው ብራና እንደ መጣ መዝግቦ ስለ ተወለት ነው። የሎረንስ ኅትመት እንዲህ ያለ በር ለማንም አልከፈተም ነበር።

ዲልማን ጁላይ 4 ቀን 1894 በበርሊን አረፈ። በዚያው ዓመት የብሉይ ኪዳኑ አምስተኛ ቅጽ ወጣ፤ ባሮክን፣ ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ ሲራክን፣ የሰሎሞንን ጥበብና ዕዝራ ሱቱኤልን የያዘ ነው። ዮሐንስ ፍሌሚንግ በ1902 የሄኖክን ንባብ በበዙ ብራናዎች እንደ ገና አሳተመ፤ ቻርልስ በ1906 በ23 ብራናዎች ላይ የተመሠረተ ሌላ ኅትመት አከለ። በጣና ሐይቅ በክብራን ገብርኤል ገዳም የሚገኘው የ15ኛው መቶ ዓመት ቅጂ ወደ ተመራማሪዎች እጅ የደረሰው ከዚህም በኋላ በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዲልማን የብሉይ ኪዳን ኅትመት የመጀመሪያው ቅጽ፣ መጻሕፍተ ነገሥትን የያዘው ሁለተኛውና አምስተኛው ብቻ ተፈጽመዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ቅጽ ከእጁ አልወጡም።